ጉና ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት መኪና

ሚስት ነበረችኝ። ነበረችኝ ስላችሁ ሞታ እንዳይመስላችሁ፤ ጉና ማዶ ነበረች። ሙሉሐብት ትባላለች። በተጋባን በወሩ መንግሥት ጥቁር ውሃ በምትባል ከጉና ጀርባ የተወሸቀች ገጠር አስተማሪ አድርጎ መደባት፤ እኔ ይርጋ ደግሞ ደብረ ታቦር የዘር ጥናት ፕሮጀክት ሾፌር ሆኜ ቀረሁ። አራት ዓመት! "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ የተረተው ሰው ላም አልነበረችውም፤ ርቃ የተመደበች ሚስት ነው የነበረችው። ይኼን ማንም አይከራከረኝ።

የምንገናኘው በመኪና ነበር። ፕሮጀክቱ ለጥቁር ውሃ ገበሬዎች የገብስና የድንች ዘር ስለሚያድል በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጭኜ እሄዳለሁ፤ አድሬ እሑድ ጎህ ሲቀድ እመለሳለሁ። ሌላው መንገድ በአቋራጭ ጉናን በእግር መሻገር ነው፤ መሄጃው አንድ ቀን፣ መመለሻው አንድ ቀን። የእኔ ዕረፍት እሑድ ብቻ። ጊዜውም ክፉ ነበር፤ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው የምላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ብቻውን ተራራ ለተራራ ሲሄድ ከተገኘ በዚያም ወገን በዚህም ወገን "ማን ላከህ?" ባዩ ብዙ ነው። እንግዲህ ትዳሬ በአራት ጎማ ላይ ነበር ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

መኪናዋን የሰጡን ፈረንጆች ናቸው። ነጭ፣ አዲስ፣ ባለ ቤንዚን። እንደ ድሮዎቹ ካርቡራተር የላትም። ያስረከበን ፈረንጅ ኮፈኗን ከፍቶ "ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ነው፤ ይኼን እንዳትነኩ፣ ያንን እንዳትነኩ" እያለ በአስተርጓሚ አስጠነቀቀን። ከነገረን ሁሉ በደንብ የገባን "እንዳትነኩ" የሚለው ብቻ ነው። እኛም አልነካን። ዘይት ከመቀየርና የአየር ማጣሪያዋን አውጥቼ አቧራውን ከማራገፍ በቀር እጄን አስገብቼ አላውቅም ነበር።

ጣጣው የጀመረው በኅዳር መጨረሻ ነው። የድንች ዘር ጭኜ ጉናን ስያያዘው መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ጥቂት ወጣችና ትንፋሽ አጠራት። ነዳጅ ስረግጥ ትታፈናለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ በጭስ ማውጫዋ ጧ! ታደርጋለች፤ እግሬን ሳነሳላት ደህና ትሆናለች፤ ወደ ፊት ግን ወይ ፍንክች! አዙሬ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን ምንም እንዳልሆነች ሁሉ እያዜመች ወረደች። በሁለተኛው ጊዜም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ወደ ሐሙሲት ስነዳት፣ ወደ አንበሳሜ ስነዳት እንከን የላትም። ሜዳ ላይ ፈረስ፣ ዳገት ላይ አሮጊት።

ከተማው ሁሉ መካኒክ ሆነ። "የጉና አየር ሳስቶ ነው፤ እንኳን መኪና ሰውም ይደክመዋል" ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ። "እስከ ኅዳር ድረስ ስትወጣው አየሩ ወፍራም ነበር እንዴ?" ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ የለም። የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ደሳለኝ ከአርሲ የመጡ የግብርና ምሩቅ ናቸው፤ ደግ ሰው ነበሩ። እሳቸውም "ይርጋ፣ ይቺን መኪና ጉና ላይ እንዳትገድልብኝ። መላ እስክናገኝላት ቆላ ቆላውን እንሥራ" አሉ። የታዘዘ ሰው ምን ይላል? እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር አለፈ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሚስቴን አላየሁም።

ናፈቀችኝ። ሌላ ምን ልበላችሁ? ናፈቀችኝ። ደብተር ስታርም የተማሪዎቿን ስህተት ጮክ ብላ እያነበበች ለብቻዋ ትስቃለች፤ ያ ሳቋ ናፈቀኝ። ጫማዬን በር ላይ ሳላወልቅ ስገባ የምትቆጣኝ ቁጣ ሳይቀር ናፈቀኝ። እኔ ቤት ውስጥ ማንም አይቆጣኝም፤ በጭቃ ጫማዬ አልጋ ላይ ብወጣስ ማን አለኝ? ማታ ማታ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ጉናን አየዋለሁ። ዳመና ለብሶ ይተኛል። "አንተ ተራራ፣ ምን አድርጌህ ነው?" እለዋለሁ፤ ጎረቤት ሰምቶ አበደ እንዳይለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። መኪናዋ ታማ ነው ብዬ በገበያተኛ ልኬባት ነበር፤ ይድረሳት አይድረሳት ግን የማውቅበት መንገድ አልነበረም።

በጥር መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ አቶ ደሳለኝ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲመለሱ ጠሩኝ። "ይርጋ፣ የሚስትህ ዝውውር ጸደቀ" አሉኝ። "እዚሁ ደብረ ታቦር። ግን ሰኞ ጠዋት ራሷ ቀርባ ሪፖርት ካላደረገች ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።"

አራት ዓመት ያመለከትንበት ነገር! ጥቁር ውሃ ስልክ የለ፣ ምን የለ። መልእክተኛ ብልክ፣ መልእክቱ በጊዜ ቢደርስ፣ እሷም በእግሯ ብትነሳ… "ብ" የበዛበት ነገር አይታመንም። ያለኝ መንገድ አንድ ነው፤ ቅዳሜ ይቺ መኪና ጉናን መውጣት አለባት።

በቀጥታ ወደ ገሰሰ ጋራዥ ሮጥኩ። ገሰሰ በከተማው አንደኛ መካኒክ ነው፤ አንደኛ መሆኑን ራሱ ነው የሚነግራችሁ። አሥመራ ተምሬ መጣሁ ይላል፤ ጉራው ከሞተር ይበልጥ ይጮኻል። እጁ ግን ንጹሕ ነው፤ ሰው አይበድልም። በእነዚያ ሁለት ወራት ካንዴላ ቀይሮላታል፣ የቤንዚን ፖምፓዋን ፈትቶ ገጥሟል፣ ታንከሯን አጥቧል። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ!

"ገሰሴ፣ በሞቴ፣ እስከ ቅዳሜ ጉናን አስወጣልኝ" አልኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ መካኒክ እንጂ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነኝ እንዴ? ድሮ ቢሆን ካርቡራተሯን በካቻቢቴ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ ለደጋ አየር አስተካክላት ነበር። ይቺ መጠምዘዣ የላትም! የጉና አየር አልስማማት አለ፤ በቃ። ወደ አገሯ መልሷት።"

"አየር አየር አትበለኝ!" ብዬ ጥዬው ወጣሁ።

ያን ዕለት እንቅልፍ የለ። ስገላበጥ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሰው ሁሉ ጥፋቱን ጉና ላይ የጣለው መኪናዋ የምትታፈነው እዚያ ስለሆነ ነው። ጉና ግን ሁለት ነገር ነው፤ ከፍታም ነው፣ ዳገትም ነው። ከቆላ ስመለስ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ባዶዬን ነበር የምመለሰው፤ ያለ ጭነት የትኛው ዳገት ይከብዳል? አየሩ ወፍራም የሆነበት ቆላ ላይ አስጨንቄ ጭኜ ዳገት ባወጣትስ? እንደ ልቧ ከወጣች እነሱ እውነት አላቸው፤ አየሩ ነው። እዚያም ከታፈነች ግን ጉና ነጻ ነው፤ ጥፋተኛው ከኮፈኑ ሥር ተቀምጧል ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት ከወረታ ዘር የማመጣበት ሥራ ነበረኝ። ወደ ጉና ስሄድ ከምጭነው እጥፍ አድርጌ ጆንያ ደረደርኩባት። ጫኞቹ "መኪናዋን ልትገላት ነው?" ቢሉኝ "አዎ!" አልኳቸው። ወደ ላይ ስመለስ አለም በር ዳገት ላይ ስደርስ ነዳጅ ረገጥኩ። ታፈነች። ተንቀጠቀጠች። ጧ! አለች። ያው ራሷ፣ የጉናዋ በሽታ፣ ቆላው ውስጥ!

ከመኪናዋ ዘልዬ ወርጄ "እሰይ! እሰይ!" እያልኩ አጨበጨብኩ። አህያ የሚነዱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። መኪናው ዳገት ላይ ቆሞበት የሚጨፍር ሾፌር አይተው አያውቁ፤ አንዱ አማተበ። ግማሹን ጆንያ እዚያው ለማውቀው ሰው አራግፌ፣ በአንደኛ ማርሽ እያባበልኩ ደብረ ታቦር ገባሁ።

"ገሰሴ፣ ና ውጣ! አየሩ አይደለም!" አልኩ ገና ከበሩ።

ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ አኮረፈ፤ ቀጥሎ ራሱን አከከ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ለእውነት ይሸነፋል፤ ይኼ ነው የምወድለት። ኮፈኑን ከፍተን አንድ በአንድ ሄድን። የቤንዚኑን ቱቦ ፈታን፤ ቤንዚኑ እንደ ምንጭ ፈለቀ። ካንዴላዎቹን አወጣን፤ እሳታቸው ጥሩ ነው።

"ነዳጅ አላት፣ እሳት አላት" አለ ገሰሰ። "ሞተር ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?"

"አየር" አልኩ።

ተያየን። ሁለት ወር ሙሉ አየር አየር ስንል የተራራውን አየር ነው እንጂ እሷ የምትስብበትን ቧንቧ ማን አየው! የማጣሪያውን ሳጥን ከፈትን፤ ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ያለ ማጣሪያ አስነሥተን ነዳጁን እስከ ጥግ ረገጥንላት፤ ያው ትታፈናለች። ከማጣሪያው ቀጥሎ፣ አየሩ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባት የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሰካባት ትንሽ የአሉሚኒየም ሳጥን አለች። ፈረንጁ "እንዳትነኩ" ሲል ጣቱን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየው እሷ ላይ ነው።

ገሰሰ ወደ ኋላ ሸሸ። "እኔ የለሁበትም! ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል በመንግሥት ንብረት ነው የምንጠየቀው። ሻጥረኛ ብለው ነው እስር ቤት የሚያስገቡን!"

ፈራሁ፤ አልዋሽም። በዚያ ዘመን ያቺ ቃል ቀልድ አልነበረችም። ግን ሰኞ እየደረሰ ነበር። ሰኞ ካለፈ ደግሞ ሌላ አራት ዓመት! ባትሪውን ነቀልኩና ጣቴን ወደ ሳጥኗ አፍ ሰደድኩ። ውስጧ እንደ ትንሽ በር ያለች ምላስ አለች፤ ለስላሳ ናት፣ በጣት ገፋ ሲያደርጓት ወደ ውስጥ ትከፈታለች። ሲሶ ያህል ሄደችና ቆመች። ደገምኩ፤ ሲሶ ላይ ቆመች።

"ገሰሴ፣ በር ሙሉ ካልተከፈተ ምን ማለት ነው?"

"ከኋላው የያዘው ነገር አለ" አለና ፍርሃቱን ረስቶ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ይዞ መጣ። ባትሪውን መለስን፤ ሽቦዎቹ ላይ ቴስተሩን ሰካ፤ እኔ ምላሷን ስገፋ የቴስተሩ ቀስት አብራ ከፍ ትላለች፤ ሲሶ ላይ ምላሷ ስትቆም እሷም ትቆማለች። ያን ጊዜ ገባን። ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ይቺ ምላስ ትከፈታለች፤ ኮምፒዩተሩም በመከፈቷ ልክ ነዳጅ ይሰፍራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ አየር ሲፈልግ ምላሷ ተይዛለችና አትከፈትም፤ ምስኪኑ ኮምፒዩተር "ይቺ መኪና ሜዳ ላይ ናት" ብሎ የሜዳ ነዳጅ ይሰጣታል። ውሸት ከነገሩት ምን ያድርግ? ሜዳ ላይማ ሲሶው ይበቃታል።

ሳጥኗን ፈትተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናት። ገሰሰ በቀጭን ፒንሳ ከምላሷ ጀርባ ጎትቶ አንድ ነገር አወጣ። አውራ ጣት የምታህል፣ በጨርቅ የተሰፋች ቋጠሮ ናት። ክሯ በምላሷ ማጠፊያ ላይ ተጠምጥሟል፤ ካንዱ ጥጓ ተቀድዳ የፈሰሰ አመድ የመሰለ ዱቄት ማጠፊያው ላይ ረግቷል።

ገሰሰ ፒንሳውን ወርውሮ ተስፈንጥሮ ተነሳ። "በስመ አብ! መተት ነው! አትንካው! ሰው አሠርቶብሃል! እኔ እኮ ብያለሁ፣ ይኼ ነገር የመካኒክ አይደለም!"

እኔ አልተነሳሁም። ጨርቋን አወቅኋት። የሙሉሐብት አሮጌ አረንጓዴ ቀሚስ ናት፤ ስፌቷም የአስተማሪ ስፌት ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረች ያህል ቀጥ ያለች። ዱቄቱን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። እምነት ነው፤ ከኪዳነ ምሕረት የሚመጣው፣ ለታመመ ግንባር ላይ የሚቀባው አመድ።

ትዝ አለኝ። በኅዳር የሄድኩ ጊዜ ግቢዋ ውስጥ ማጣሪያውን ሳራግፍ አጠገቤ ቆማ "ይቺ ደግሞ ምኗ ናት?" አለችኝ። "መተንፈሻዋ ናት። ይቺ ከታመመች መኪናዋ ሞተች ማለት ነው" አልኳት። በዚያ ሳምንት ጉና ላይ አንድ የጭነት መኪና ገደል ገብቶ ሰው አልቆ ነበር። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። እሑድ ሳልነሳ ማልዳ ወጥታ የማጣሪያውን ሳጥን ከፍታ፣ ሰው ሲታመም አንገቱ ላይ እንደሚታሰር ሁሉ እምነቱን ከማጣሪያው ጀርባ በመኪናዋ መተንፈሻ ላይ አስራልኛለች። ያን ዕለት በደህና ገብቻለሁ፤ ቆይቶ በኮረኮንቹ ክሩ ሲፈታ ነው ሞተሩ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባት።

"የሚስቴ ናት" አልኩት ገሰሰን።

"ሚስትህ መተት…"

"እምነት ነው አንተ ደደብ! ገደል እንዳልገባ ብላ ነው!"

ገሰሰ አየኝ፣ ቋጠሮዋን አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። "ሚስትህ መኪና አስጠመቀች! ኧረ ይርጋ! ፈረንጁ ይኼን ቢሰማ 'እንዳትነኩ' ያለው ላይ 'እንዳታጠምቁ' ይጨምርበት ነበር!" ሳቀ ሳቀና ዓይኔን ሲያይ ሳቁን አቆመ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። እንድመለስ ብላ ያሰረችው ነገር ወደ እሷ እንዳልሄድ አሰረኝ፤ ይኼንን ለማን ከስሼ ለማን ልንገር?

ገሰሰ የዶሮ ላባ በቤንዚን ነክሮ ማጠፊያውን ጥርት አድርጎ አጠበልኝ። ስትደርቅ ምላሷ እስከ ጥግ ሄዳ በራሷ ተመለሰች፤ የቴስተሩም ቀስት ሳትደናቀፍ ሄዳ መጣች። ቋጠሮዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ቤቴ ወስጄ ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀመጥኳት።

አቶ ደሳለኝ ዘንድ ሄጄ "ጌታዬ፣ ተገኝቷል፤ ይፍቀዱልኝ" ስላቸው ምን እንደተገኘ ጠይቀው ሳልነግራቸው ፊቴን አይተው ተዉት። "ሂድ። ግን ዘሩንም ጭነህ ሂድ፤ ለሚስቱ ብሎ የመንግሥት ቤንዚን አቃጠለ እንዳይሉህ" አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉና ውርጭ ለብሷል። ሦስት ጊዜ የረታን ዳገት ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ረገጥኩ። ወጣች! ወይ ደስታ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ እያገሳች ወጣች። መስኮቱን ከፍቼ ያን "ሳስቷል" የሚሉትን አየር እስኪበቃኝ ሳብኩት። ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቁር ውሃ ድረስ ለብቻዬ ስለፈልፍ ነው የሄድኩት፤ ምን ብዬ እንደምነግራት እየተለማመድኩ። "ሙሉ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ" ብል ይሻላል ወይስ ዝም ብዬ ልሳቅባት?

በሯ ተቆልፏል።

የቤቱ ባለቤት እሜቴ ታንጉት ከጓሮ ብቅ አሉ። ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "ውይ አንተ ልጅ! ዛሬ መጣህ? ዛሬ?"

"ምነው እሜቴ? ምን ሆነች?"

"ምን ትሆናለች፤ ሄደችልህ እንጂ! ጎህ ሳይቀድ ከጋሳይ ገበያተኞች ጋር በአቋራጭ ጉናን ልታቋርጥ ተነሳች። 'ሁለት ወር ሙሉ ሰው እንዴት ይጠፋል? ወይ ታሟል፣ ወይ ሌላ ሴት አግኝቷል፤ ሁለቱንም ሄጄ በዓይኔ አያለሁ' አለች። ኧረ ልጄ ጊዜው ጥሩ አይደለም፣ ብርዱም አለ ብላት፣ የሴትዮዋን ግትርነት ታውቀው የለ!"

አውቀዋለሁ። እኔ በመኪና መንገዱ ስመጣ እሷ በእግር መንገዱ ስትሄድ፣ አንድ ተራራ ላይ ተላልፈናል ማለት ነው። ዘሩን ለገበሬ ማኅበሩ አወረድኩ። ለእሜቴ ታንጉት ስለ ዝውውሩ ነገርኳቸው፤ እልል ብለው ትርፍ ቁልፉን አመጡ። ያላትን ሁሉ ጫንን፤ ፍራሿን፣ ሣጥኗን፣ ድስቶቿን፣ መጻሕፍቷን። ደግሞ ለመመለስ ጊዜ የለም ብዬ መጥረጊያዋን እንኳ አልተውኩም። ከዚያ አዙሬ ተፈተለኩ።

ጉና ላይ በእግር መንገዱ በኩል ነጭ ነጠላ ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ። አንዷ እሷ አይደለችም፤ ሌላዋም አይደለችም። "ሴት አስተማሪ አላያችሁም?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ "ቀድማለች" ይለኛል፣ አንዳንዱ "ኋላ ናት" ይለኛል። ፀሐይዋ አዘነበለች። ብርድ ይዟት ቢሆንስ? ያ የ"ማን ላከሽ?" ሰው አግኝቷት ቢሆንስ? አላህም ይሁን እግዜር ያውቃል ያን ሰዓት ያልተሳልኩት ታቦት የለም።

ከጉና ወርጄ ጋሳይ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ትዳስሳለች። ቀና ብላ መኪናዋን አየች፤ እኔን አየች፤ ቀጥሎ ከላይ የተጫነውን ፍራሿን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ብድግ አለች።

"ዕቃዬን ጭነህ መጣህ?" አለችኝ። እኔ ገና አልወረድኩም። "ለእናቴ ልትመልሰኝ ነው? ልትፈታኝ ነው ዕቃዬን የጫንከው? ሽማግሌ እንኳ አትልክም? ይኼን ያህል ወርጃለሁ?"

አቤት የኔ ነገር! ያን ሁሉ መንገድ የተለማመድኩት ንግግር ከአፌ ጠፋ። "ዝውውር!" ብዬ ጮህኩ። "ደብረ ታቦር! ሰኞ! ዝውውርሽ!"

ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እኔም ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ገበያተኛው ሁሉ "ማን ሞተባችሁ?" እያለ ያልፋል።

መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ ጥያቄው ተጀመረ። "ሁለት ወር የት ነበርክ?"

"መኪናዋ ታማ። ልኬብሽ ነበር እኮ።"

"ሰምቻለሁ። መኪና ለሁለት ወር የምትታመመው የትኛው ሐኪም ቤት ተኝታ ነው? ደግሞ ምን ሆና?"

ልተወው አልኩ፤ አልቻልኩም፤ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እኔ ነኝ?" አለች። "እኔ ነኝ ያስቀረሁህ?" አዘነች ብዬ ላጽናናት አፌን ስከፍት ዞር ብላ "ታዲያ እምነቱ ሠርቷል ማለት ነው!" አለች። "በእነዚያ ቀናት ጉና ላይ ምን ይጠብቅህ እንደነበረ በምን ታውቃለህ? አሳልፎ ያልሰጠህ እሱ ነው!" ኧረ ይቺን ሴት ማን ይረታታል! እኔ የቴስተሩን ቀስት ላስረዳት፣ እሷ ኪዳነ ምሕረትን ታስረዳኛለች። እየተጨቃጨቅን ደብረ ታቦር ገባን። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተጨቃጭቄ አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ለዓይን ያዝ አድርጓል። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ፤ ሳትነግረኝ። ውሃ አሙቄ እግሯን ላጥብ ጎንበስ አልኩ። እግሯ አብጧል፤ ተረከዟ ተልጧል። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። የተኛች መስሎኝ ነበር። እንቅልፍ በያዘው ድምፅ፦

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?" አለችኝ።

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ማታ ሄጄ ባደርኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ ጥያቄ ነው። ስንቅ ልትቋጥርልኝ፣ ማልዳ ልትቀሰቅሰኝ። እኔም "አሥራ አንድ ተኩል" እላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ብዙ አናወራም።

"የትም አልሄድም፣ ሙሉ" አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። ቤቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ የት እንዳለች ያኔ ነው ያወቀችው።

"ታዲያ እሑድን ምን እናደርገዋለን?" አለች።

እኔም አላውቅም ነበር።